እሁድ ምሳ በስንት ሰዓት ነው

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ለፀጉር ቤቱ ነበር፤ የደንበኞችን ተራ ልመዘግብበት። ደንበኞቼ ግን ተራቸውን በአፋቸው ነው የሚይዙት፣ በወረቀት አያምኑም። ባዶውን ከሚቀመጥ እኔ ልጻፍበት አልኩ። የማወራው ሰው አጥቼ አይደለም። ፀጉር አስተካካይ እንቅልፍ ያጣል እንጂ የሚያወራው ሰው አያጣም።

ባለቤቴ ትናንት ልጃችን ቤት ሄደች። ልጃችን ነርስ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ልትጀምር ስለሆነ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው አስፈለጋት። ለአንድ ሁለት ሳምንት ነው። በእሁዱ ነገር ተናዳ አይደለም የሄደችው። ይህ ይታወቅልኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

የእሁዱን ነገር ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባለቤቴ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተማሪ ነበረች። ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። «ለጡረታሽ ምን ልስጥሽ?» ብላት «ምንም አትግዛ። ቅዳሜና እሁድ በሰባት ሰዓት ቤት ግባና አብረን ምሳ እንብላ» አለችኝ። ሳቅኩ። «ይሄ ደግሞ ስጦታ ይባላል?» አልኳት። «ለእኔ ነው» አለች። ቃል ገባሁ።

ግን እኮ የፀጉር አስተካካይ ቅዳሜና እሁድ የሌላው ሰው ሰኞ ነው። ሰው የሚላጨው ሲያርፍ ነው፤ እኔ የማርፈው ሰው ሁሉ ተላጭቶ ሲያልቅ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የቅዳሜና እሁድ ምሳዬ በዘጠኝ ተኩል፣ ሲብስም በአሥር ሰዓት ነው። ምሳ ማለት ሥራ ሲያልቅ የሚበላ ነገር ነው ብዬ ነው የማምነው። ቤተሰቤም ለምዶት ነበር። በሩን ስከፍት ጠረጴዛው ተዘጋጅቶ፣ ሁለቱ ልጆች እጃቸውን ታጥበው፣ እናታቸው ማማሰያ ይዛ። እንደዚያ ያለ ጠረጴዛ አሁን ከየት ይመጣል? ወንዱ ልጃችን ሌላ ከተማ ሥራ ያዘ፣ ሴቷ አገባች።

ለማንኛውም ቃሌን የመጀመሪያውን ሳምንት አከበርኩ። በሁለተኛው ትንሽ አለፈኝ። ባለፈው እሁድ ግን ስድስት ተኩል ላይ መቀሱን ላስቀምጥ ስል ሙሽራው ከአምስት ሚዜዎቹ ጋር ገባ። ስድስት ራስ! ሙሽራ ይመለሳል? ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። የእሷ ሳህን ታጥቦ ተደፍቷል።

«ሙሽራ መጣብኝ» አልኳት።

«እንኳን ደስ ያለው» አለች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ለሕፃኑ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

አሥራ አራት ራስ። ወገቤ። ቤት የገባሁት አሥር ሰዓት ከሩብ። ዳቦ በሻይ። የሚጠብቀኝ የለም፣ ግን እየተጣደፍኩ ነው የመጣሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

እሁድ፣ ሰኔ 8

አሥራ አንድ ራስ። ትናንት የተረፈው ዳቦ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ዛሬ ፀጉር ቤት ውስጥ ክርክር አስነሳሁ። የእኔን ጉዳይ ሳላነሳ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «እናንተ ግን እሁድ ምሳ በስንት ሰዓት ነው የምትበሉት?» አልኩ። ወይ ጉድ! ስለ ፖለቲካ ባነሳ እንዲህ አይንጫጩም።

ጡረተኛው ዳኛ ወንበሬ ላይ ነበሩ፤ ፊታቸው በአረፋ ተሸፍኗል። «ስድስት ሰዓት!» አሉ። «ከዚያ ካለፈ ምሳ አይባልም፣ መክሰስ ነው።» የታክሲ ሹፌሩ «እኔ ሆዴ ሲጮህ ነው፣ ሰዓት አላይም» አለ። አንዱ ኳስ ወዳድ ጨዋታው ካላለቀ አልበላም ብሎ ማለ። በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው ባልደረባዬ ደግሞ «እኔ ሚስቴ ስትጠራኝ ነው፣ ካልጠራችኝም አልበላም» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ሰው ምላጭ ነው የምንለው፤ ሥራውም አፉም ስለሚቆርጥ።

ያው አፉ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የምሳ ሰዓት ምነው አሳሰበህ? እትዬ የሉም እንዴ?»

ሁሉም በመስታወቱ አየኝ። የፀጉር ቤት ክፋቱ ይሄ ነው፤ ጀርባህን ሰጥተህም መደበቅ አትችልም።

«የልጅ ልጅ ልትይዝ ሄዳ ነው» አልኩ።

«ተከሳሹ ጥያቄውን አልመለሰም» አሉ ዳኛው፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

አብሬያቸው ሳቅኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ደወልኩላት። ሕፃኑ ደህና ነው። ልጅቷ ደህና ናት። የልጄ ባል ደህና ነው። እሷም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ አልኩ። ከዚያ የምንለው አለቀ። «እሁድ ለምሳ ና» አለች ልጄ ከኋላ ሆና፤ «በሰባት!»

ባለቤቴ ስልኩን የዘጋችው «እንግዲህ ሥራ ካልያዘህ» ብላ ነው።

እሁድ፣ ሰኔ 22

ሁለት አውቶብስ ነው። ከፀጉር ቤት መውጣት የነበረብኝ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ይሂድ?

ስደርስ ዝናብ ይጥላል፣ ሁሉም በልተዋል። ድርሻዬ በሳህን ተከድኖ ቆይቶኛል። የልጄ ባል አናጢ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ግን ወንበር ስቦልኝ «ይቀመጡ አባባ» አለኝ። ባለቤቴ ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ፊቷ ተመልሷል። እንደዚህ ተመልሶ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

ፀጉሯን ተቆርጣለች።

«ማን ነው የቆረጠሽ?» አልኳት።

«እዚህ ጥግ ላይ ያለው ልጅ። ሰኞ ሰኞ ሰው የለበትም።»

ሰኞ እኔም ጋ ሰው የለም። ስንት ዓመት «እስቲ ጫፍ ጫፉን አስተካክልልኝ» ስትለኝ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ» እላት ነበር። ልጁ ከኋላ በኩል ግራውን ከቀኙ አስረዝሞታል። እጄን በላኝ።

ልጄና ባሏ ሳህን ለማጠብ ወደ ማድ ቤት ገቡ። እኔ እየበላሁ ነው። የልጄ ድምፅ ድሮም ቀጭን ነው፣ ግድግዳ አያግደውም።

«እኛ እኮ ልጆች ሆነን እሁድ ሁለት ጊዜ ነበር ምሳ የምንበላው» ትለዋለች። «አንዱን በሰባት፣ አንዱን ለአባዬ።»

«ሁለት ጊዜ?»

«እውነቴን ነው! እማዬ መጀመሪያ ታበላናለች። ከዚያ አፋችንን ጠርገን፣ የተራበ መስለን እንጠብቀዋለን። ወንድሜማ አንዴ ሊያስመልሰው ደርሶ ነበር።»

ባለቤቴ ሕፃኑን እንደያዘች በፍጥነት ወደ ማድ ቤት ገባች። «ቀስ በይ፣ ይሰማል» ስትል ሰማሁ።

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይጮህ ስለነበር በትክክል ላልሰማ እችላለሁ። ሳህኔን ጨርሼ «እጃችሁ ይባረክ» ብዬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

በትክክል ሰምቻለሁ። ራሴን ማታለል ምን ያደርግልኛል።

ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ይመላለስብኛል። ልጄ የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ድንቹን በሹካ እየገፋች ትጫወትበታለች። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የመጣሁት፣ እግሬ አብጧል። «ብዪ!» አልኳት። «ጠግቤያለሁ አባዬ» አለች። «ምን በልተሽ ነው የጠገብሽው? ምግብ አይናቅም! አባትሽ የሚቆመው ለዚህ መስሎሽ ነው?» እናቷ አቀርቅራ ሰላጣ ትቆራርጣለች። ልጅቷ እያለቀሰች ጨረሰችው። እኔ ደግሞ በልቤ ሥርዓት አስተማርኩ ብዬ ነበር።

ለእኔ ብላ ሁለተኛ ጊዜ የምትበላን ልጅ አልበላሽም ብዬ አስለቀስኩ። ምነው ያን ቀን አፌ በተዘጋ።

እና ያ ስናፍቀው የኖርኩት ጠረጴዛ፣ እጃቸውን ታጥበው የሚጠብቁኝ ልጆች፣ ለካ ጠግበው ነው የሚቀመጡት።

እናታቸውስ? እሷ ከልጆቹ ጋር ትበላ ነበር? ወይስ እነሱን አብልታ እስከ አሥር ሰዓት በባዶ ሆዷ ትጠብቀኝ ነበር? እንደማውቃት ትጠብቃለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት አስርቤያት ከሆነስ? በስልክ አይጠየቅ ነገር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

በሩ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፦ ቅዳሜና እሁድ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ።

ምላጭ ሦስቴ አነበበው። «ጋሼ፣ ታመሃል?» አለ። «አልታመምኩም።» «እንግዲያው ጤነኛ ሆነህ ነው ያበድከው። ቅዳሜ ዘግተን ማንን ልንላጭ ነው?» አንተ ከፈለግህ ቆይተህ ሥራ አልኩት። ዳኛው ደግሞ ወረቀቱን አይተው «ውሳኔው ዘግይቷል፣ ግን ተገቢ ነው» አሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። መንገዱ በዚያ ሰዓት እንዲህ ፀሐይ እንደሚሞላው አላውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ልክ በሰባት ለመብላት ድንች ጣድኩ። ከታች አረረ፣ ከላይ ጥሬ ነው። ልክ በሰባት ግን ተቀምጬ በላሁት። ማን ሊያይልኝ ነው?

ናፈቀችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

እሁድ፣ ሐምሌ 13

ዛሬ እንዳልዘገይ ብዬ ፀጉር ቤቱን ጭራሽ አልከፈትኩም። ልጄ ቤት የደረስኩት አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት ራሷ ላይ ፎጣ ጠምጥማለች።

«ምን ሆንክ? ማን ታመመ?» አለች ደንግጣ።

«ለምሳ ነው የመጣሁት።»

«በዚህ ሰዓት?»

በዚያ ቤት ለካ ምሳ ሰዓት የለውም። ሕፃኑ ሲተኛ ነው የሚበላው። ዛሬ ደግሞ አልተኛም። ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ ሲያቅፈው አንዱ ቆሞ እየጎረሰ፣ በየተራ በላን። እኔ ለሰባት ሰዓት ስንት ነገር አድርጌ መጥቼ፣ እዚያ ሰባት ሰዓትን ያስታወሰው የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔን ነው።

አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘችኝ። ልጠይቃት ነበር፤ ያን ጊዜ ትበላ ነበር ወይስ አትበላም? አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ልጁ ጥርስ ሲያወጣ ያመዋል፣ እሱ ይለፍና» አለች። ከዚያ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። ያቺ እጇ እስከ ቤት ድረስ አንገቴ ላይ ነበረች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ጥርስ አወጣ። ሁለት። ልጄ ፎቶ ላከችልኝ።

ደወልኩ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጥርሱ ወጣ አይደል?» አልኩ።

«አዎ፤ አሁን ደግሞ ሊድህ ነው፣ ዓይን ከእሱ አይነሳም» አለች።

ከድኸ ሊቆም ነው፣ ከቆመ ሊሮጥ ነው፣ ከዚያ ሊዳር ነው። አልኳት? አላልኳትም። «እሺ» ነው ያልኩት።

እሁድ፣ ሐምሌ 27

በሰባት በላሁ። ሩዝ። እየተሻሻልኩ ነው። ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ወደ ግድግዳ አስጠጋሁት፣ ባዶውን እንዳላየው። ከዚያ መልሼ ወደ ቦታው አመጣሁት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ዛሬ አንድ ደንበኛ ሚስቱን ሲያማ ዋለ። ስትናገር አታቆምም፣ ምሳ ቶሎ ካልበላህ ትላለች፣ ምን ትላለች። ማሽኑን አጥፍቼ «ወንድሜ፣ ለምሳ የሚጠራህ ሰው ስላለህ አምላክህን አመስግን» አልኩት። ሰውየው በመስታወቱ አፍጥጦ አየኝ። ምላጭ ጉሮሮውን ጠረገ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ደፈርኩ። ጠዋት ደውዬ «ነገ ቤት ነይና ምሳ እንብላ። እኔ ነኝ የምሠራው። በሰባት» አልኳት።

ሕፃኑ ከጀርባ ይንጫጫል።

«አንተ ልትሠራ?»

«ዶሮ በድንች። ሰላጣም አለ።»

«ወይ ጊዜ!» አለች። ሳቀች መሰለኝ። «እሺ፣ እመጣለሁ።»

ቤቱን ጠረግሁ። አንሶላም ቀየርኩ። አሁን አንሶላ ምን አገባው፤ ብቻ ቀየርኩት።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስድስት ተኩል ላይ ሁሉም ደርሷል። ዶሮው አላረረም፣ ድንቹ በስሏል። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል። አውቶብስ ነው አልኩ። ስምንት ላይ ደወልኩ፣ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። መስኮት ላይ ቆምኩ። ስምንት ተኩል ላይ ምግቡን አሞቅሁት። ርቦኛል፤ ቁርስም አልበላሁም። የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። አንድ ጉርሻ ልቅመስ ብዬ ክዳኑን አነሳሁና መልሼ ከደንኩት።

እኔ ምግብ ፊቴ ተቀምጦ ሰው ጠብቄ አላውቅም። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጠበቀው። አሁን ሰዓቱ አልሄድ ሲል፣ ደረጃ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ስነሳና ስቀመጥ፣ «ሠላሳ ምናምን ዓመት፣ ቅዳሜና እሁድ» እያልኩ አለቀስኩ። አዎ አለቀስኩ። ልጆቿን አብልታ በባዶ ሆዷ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ታየችኝ። አትመጣም አልኩ። ለምንስ ትመጣለች?

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ በሩ ተንኳኳ። ቁልፍ አላት። ግን አንኳኳች።

«ልጅቷ ከሥራ ዘግይታ ገባች፣ ባሏም የለም፣ ሕፃኑን ለማን ልተወው?» አለች እያለከለከች። «ስልኬንም ጥድፊያ ላይ ረስቼው መጣሁ።» ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። «አልበላህም እንዴ?»

«ሳትመጪ?»

«ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ በልቻለሁ። ሕፃኑን ሳበላ ራበኝና…»

ፊቴ ሳይናገር አልቀረም። አየችኝ። ነጠላ ጫማዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አጠለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«በል አቅርብ» አለች።

አቀረብኩ። ጎረሰች። «ጨው በዝቶበታል» አለችና ደግማ ጎረሰች። እንዳልራባት አውቃለሁ፤ ቀስ እያለች፣ እያላመጠች፣ አንዳንዴም ውሃ እየጠጣች ነው የምታወርደው። ይህን አበላል ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጨዋ አበላሏ ነው ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ ጠየቅኋት። «በሰባት ከልጆቹ ጋር ትበዪ ነበር ወይስ ሳትበዪ ነው የምትጠብቂኝ?»

ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ አየችኝ። ማን ነገረህ አላለችም።

«በልቼ ነዋ!» አለች። «ልጆቹ ብቻቸውን ይብሉ? ከእነሱ ጋር በሰባት እበላለሁ፣ ካንተ ጋር በአሥር እደግማለሁ። አንተስ ብቻህን ትብላ?»

ሳቅ መጣብኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ስለ ረሃቧ ያለቀስኩት እኔ! እሷም ሳቀች። ስንስቅ እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ያዝኩት። አልነጠቀችኝም።

«ታዲያ ምንድን ነው ያስከፋሽ? ለምን ሄድሽ?» አልኳት። ለሕፃኑ ነው የሚለውን ሁለታችንም ተውነው።

ብርጭቆዋን ወደ ሳህኗ አስጠጋች።

«ልጆቹ ከወጡ ወዲህ» አለች፣ «በሰባት ሰዓት ከማን ጋር የምበላ ይመስልሃል?»

ልጆቹ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰባት ሰዓት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን በላች፤ በአሥር ሰዓት እኔ ስገባ ደግሞ እንዳይከፋኝ ከእኔ ጋር ደገመች። እኔ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ይቅር በይኝ አልኳት፤ «ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለች።

ሳህኗን አንድ ፍሬ ሳታስቀር ጨረሰችው። አንሶላውን ልብ አላለችውም፤ ወደዚያ ክፍልም ጫማ ካወጣች በኋላ አልተመለሰችም። ሻንጣ አልያዘችም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሕፃኑ የሚታጠብበት ሰዓት ነው ብላ ተነሳች። አልለመንኳትም። መለመን የሚገባኝ አልመሰለኝም።

በሩ ላይ ጫማዋን እያሰረች ቀና አለች።

«የሚመጣው እሁድ በሰባት እመጣለሁ» አለች። «ከዘገየሁ ግን ብላ፤ እንዳትጠብቀኝ። እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

አልበላም።